አባቴ የጃፓን ትግል ሲዳኝ

ባለፈው እሁድ ከቸርች መልስ እጮኛዬ ናቲ ከአባቴ ጋር ሊተዋወቅ አትላንታ፣ ብሩክሄቨን ያለው ቤቴ መጣ።

አባቴ ሊጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት ዳኛ ነው... «ደህና አደርሽ» ሲል እንኳን ቃል የሚቀበል ነው የሚመስለው። ናቲ ደግሞ እዚሁ አትላንታ ያደገ፣ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዳ ዕቃ የሚያነሳ ልጅ ነው። በትርፍ ሰዓቱ የድሮ የጃፓን ሬስሊንግ እያየ ኦንላይን ኮከብ ይሰጣል። አዎ፣ ኮከብ... እንደ ሆቴል።

«ስለ ሬስሊንግ ትንፍሽ እንዳትል!» ብዬዋለሁ።

ያዘዝኩትን ምግብ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለው ምግብ ቤት ፒክ አድርጌ ስመለስ... አባቴ ሪሞት ይዞ ቲቪው ፊት ተገትሯል። ናቲ ሶፋው ጫፍ ላይ ላቡን ይጠርጋል። ቲቪው ላይ ሁለት ጃፓኖችና ሁለት ግዙፍ ፈረንጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደባደባሉ።

«ምን ጉድ ነው?» አልኩት ናቲን ቀስ ብዬ።

«ምን ያስደስትሃል ብለው ጠየቁኝ... ምን ልበል?»

አባቴ ሰማን። «ይሄ ልጅ ለዚህ አራት ተኩል ኮከብ ሰጥቷል። በምን ማስረጃ?» አለና ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰው። «ዳኛውን እይልኝ እስቲ! ሁለት ሰው አንዱን በወንበር ሲቀጠቅጠው፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ከተደብዳቢው ጓደኛ ጋር ይጨቃጨቃል። እንዲህ ያለ ዳኛ ባለበት አራት ተኩል?»

«ጋሼ፣ እሱ እንኳን...»

«አላስጨረስከኝም!»

ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቴ እያስቆመ፣ እየመለሰ፣ ኮከቡን ወደ ሁለት አወረደው። ከዚያ ድንገት ዞሮ «ያ ወንበር ያነሳው ሰውዬ... ታሰረ?» አለ።

ናቲን በዓይኔ ለመንኩት። አዎ በል... ታሰረ በል...

«ጋሼ... የእውነት ድብድብ አይደለም። ቀድመው ተስማምተው ነው።»

አባቴ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዳኛውስ?»

«ዳኛውም... ያውቃል።»

አባቴ ቁጭ አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ናቲ ደንግጦ ተነሳ። «ግን አንተ... ኖ፣ ሶሪ፣ እርስዎ... ይቺን ብቻ ይዩልኝ» ብሎ አንዱ ፈረንጅ ጃፓኑን ከፍ አድርጎ የጣለበትን ቦታ በዝግታ አሳየው። ፈረንጁ ሲጥለው በአንድ እጁ አንገቱን ደግፎለታል።

«ጠላቱ ነው የደገፈው?»

«አዎ። ካልደገፈው ይሰበራል።»

አባቴ ደግሞ አስመለሰው። ደግሞ። እኔ የቀዘቀዘውን ምግብ ይዤ ቆሜያለሁ...

«በል፣ ሽማግሌ ላክ» አለ።

«አባዬ?!»

«ዋሽቶ ሊያልፈኝ ይችል ነበር። አንቺማ በዓይንሽ ዋሽ ስትዪው አይቼሻለሁ። በሉ አሁን እንብላ።»

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ጋ ደውሎ ሲያወራ ሰማሁት። «ልጁ ጨዋ ነው... ሥራው? እሱማ... እሱም ዳኝነት ላይ ነው።»

ይኸው ከትናንት ጀምሮ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁሉ እየደወለ «ዳኛ ልታገቢ ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል... ፎርክሊፍቱን ማን ይንገርልኝ?