ገብሱ ካለቀ በኋላ

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ዛሬም ሳወራው ሰውነቴን ውርር የሚያደርገኝ ነገር የገጠመኝ በጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ክፍል ውስጥ ነው።

የዕለቱ ትምህርት የአየር ግፊት ነበር። ከአንድ ነጋዴ ባለመርፌ ሚዛን ተውሼ፣ የሚፈስበት እህል እንዳይጠራቀም ሰሃኑን ገልብጬ ደፋሁት። አለምነሽ የምትባል የጊች መንደር ልጅ ከማሳቸው የመጣ ገብስ ይዛ፣ ወንበር ላይ ቆማ ከላይ አንቆረቆረችው። ፍሬው ሰሃኑን እየመታ ይነጥርና ወለሉ ላይ ይበተናል።

«አያችሁ? የአየር ቅንጣቶችም የሚመቱን እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ሲነጥር ሞመንተሙ፣ ማለትም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ይለወጣል። በአንድ ሰከንድ የተለወጠውን ሁሉ ደምረን ለሰሃኑ ስፋት ስናካፍለው ግፊቱን እናገኛለን። መርፌው አንድ ቦታ የቆመው ምቱ ስለማያቋርጥ ነው» አልኳቸው።

ገብሱ አለቀ። መርፌው ግን አልተመለሰም።

«ቲቸር፣ ተበላሽቶ ይሆን?» አለች አለምነሽ።

ሚዛኑን መታ መታ ሳደርገው መርፌው ተንቀጠቀጠና እዚያው ቆመ። እጄን ከሰሃኑ በላይ ዘረጋሁ። የማይታይ ነገር መዳፌን ይጠቀጥቀኝ ጀመር፤ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ቆይቶ መርፌው ዜሮ ላይ ወደቀ።

በሦስተኛው ቀን የአለምነሽ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ።

«መምህር፣ ከእንግዲህ ልጄን የማስተምርበት አቅም የለኝም። ገብሴን በረዶ ጨረሰው» አሉኝ።

«መቼ?» አልኳቸው።

«ማክሰኞ፣ በስምንት ሰዓት ግድም። ሰማዩ ላይ ደመና እንኳ አልነበረም። የወረደውም ከእኔ ማሳ ላይ ብቻ ነው።»