ጋሼ ማስመሪያ እና የልጆች ልብስ ታፔላ

ሰፈርተኛው ጋሼ ማስመሪያ የሚላቸው ያለ ነገር አይደለም። አርባ ዓመት ታፔላ ሲጽፉ አንዲት ፊደል ዘንበል ብላባቸው አታውቅም። የፍርድ ቤቱ በር፣ የክሊኒኩ ግድግዳ፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር የእጃቸው ሥራ ነው። ቤታቸው ውስጥም ያው ነበሩ። ብቸኛ ልጃቸው በስድስት ዓመቷ ያልደረቀ ታፔላ ላይ በጣቷ አበባ ብትስል አልመቷትም፣ አልተቆጧትም፤ ሦስት ቀን ሳያናግሯት ዘጓት። መዝጋት ከዱላ እንደሚብስ የገባቸው ዘግይተው ነው፤ ሚስታቸው ሞታ ቤቱ ጭር ሲል።

ልጅቷ አሁን ልብስ ሰፊ ናት። የአዋቂ አሮጌ ሸሚዝና የፋብሪካ ቁርጥራጭ እየሰበሰበች የልጆች ልብስ ትሠራለች። ጫፉን ሦስት ጊዜ አጥፋ ስለምትሰፋው፣ ልጁ ባደገ ቁጥር እናት አንዱን እጥፋት ትፈታለች፤ አንድ ቀሚስ አራት ዓመት ተለብሶ ለታናሽ ይተርፋል። ሱቋን «ድክ ድክ» አለችው።

አንድ ቀን መጣችና፣ «አባዬ፣ ስሙን አንተ ጻፍልኝ» አለች። «ልብሱም ላይ፣ ታፔላውም ላይ የሚሆን። ግን ይጫወት። ልጅ ሲያየው ፈገግ ይበል።»

«ደግሞ ፊደል ምን ብሎ ይጫወታል?»

«እኔ ምን አውቄ! የጽሑፍ ሰው አንተ።»

እንቢ ማለት የሚከብዳቸው ሰው አይደሉም። ይሄኛው ግን ልጃቸው ካደገች ወዲህ የለመነቻቸው የመጀመሪያ ነገር ነው፤ አንጀታቸው አልቻለም።

ያላወቀችው ነገር አለ። ስምንት ወር ሆኖታል ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ። ሐኪሙ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ደንበኛ ሲመጣ «ሥራ በዝቶብኛል» እያሉ ይመልሳሉ፤ ቀለማቸው በየጣሳው ደርቋል።

መጀመሪያ በነጻ እጅ ሞከሩ። የ«ድ» እግር ተልፈሰፈሰ፤ «ክ» ልትወድቅ ስትል ጎረቤቷን ተደገፈች። አፍረው ወረቀቱን ጠረጴዛ ሥር ወረወሩት። ከዚያ ማስመሪያና ፕላስተር ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ ታገሉና ቀጥ ያለ ጽሑፍ አወጡ። የማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ መሰለ።

ልጃቸው አይታው «ጥሩ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንዳልሆነ ተናገረ። ቦርሳዋን ልታነሳ ጎንበስ ስትል የተጣለውን ወረቀት አየችው።

«አባዬ! ተጫወትክ እኮ!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በሕይወቴ አንድ ቀን ስትጫወት አይቼህ አላውቅም።»

እውነቱን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። ፊቷን ሲያዩት ጨከን ማለት አቃታቸው።

«እንዲያው ሞካከርኩ» አሉ። እንዲህ ወድዳቸው የምታውቅ አይመስላቸውም፤ ለዚያውም በውሸት። ሌሊቱን ሲብሰለሰሉ አደሩ።

ልጅቷ ግን በዚያ አላበቃችም። የሱቁን ታፔላ ራሳቸው፣ በዚያው በነጻ እጅ ይጻፉላት ዘንድ ድርቅ አለች። ሰኞ ጠዋት መሰላሉ ቆመ፤ እሷ ከሥር ያዘች። ፀጉር አስተካካዩ ከማዶ፣ «ጋሼ፣ ማስመሪያውን ዛሬ ለማን አዋሱት?» ሲል መንገደኛው ሁሉ ሳቀ።

የመጀመሪያዋ «ድ» እንደ ምንም አለቀች። «ክ» ላይ ሲደርሱ ብሩሹ ሰሌዳውን ይደበድብ ጀመር። ቀለም እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ። መንቀጥቀጡ በክንዳቸው አልፎ ወደ መሰላሉ ወረደና የልጃቸው መዳፍ ውስጥ ገባ። ቀና ብላ አየቻቸው። ሳቋ ጠፋ።

ሁለት ደረጃ ወጥታ በቀስታ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ቆየ።»

«ያን ዕለትም?»

«ያን ዕለትም። አልተጫወትኩም፣ ልጄ። መጫወት አላውቅበትም። ላስደስትሽ ብዬ ዋሸሁሽ፤ ይቅር በይኝ።»

ከማዶ ሳቁ እንደቀጠለ ነው። ጋሼ ማስመሪያ «ውረድ» እስክትላቸው ጠበቁ፤ ቢወርዱ ዳግመኛ ብሩሽ እንደማያነሱ ልባቸው ያውቃል። ልጅቷ ወገባቸውን ግጥም አድርጋ ያዘች።

«እንግዲያው አሁን ተጫወት» አለች። «እኔ ይዤሃለሁ።»

ብሩሹን ነከሩ። «ክ» እግሯን ከሰሌዳው አሳልፋ ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሊጠርጓት ጨርቅ አላነሱም። አይተዋት ትንሽ ሳቁና ቀጣዩን ፊደል ጀመሩ።