አጋሊ ለጊታሩ ፒክአፕ የመረጠ ሰሞን

አጋሊ በሥራ ቀን በቦቴ ውኃ ሲያከፋፍል ይውላል፤ ሰርግ ሲኖር ጊታር ይጫወታል። በአልጄሪያ በረሃ ካለችው ከታማንራሰት ከወጣሁ ዓመታት ቢያልፉም ሳቁ ከጆሮዬ አልጠፋም። ደስ ብሎት የሚስቀው ሳቅ አልነበረም። እዚያ አገር የአክስትና የአጎት ልጆች እንዳሻቸው ይዘላለፋሉ፤ የሚያሳፍረው መቀየሙ ነው። ስለዚህ አጋሊ በአክስቱ ልጅ በበካይ የሚቀናውን ቅናት ሁሉ በሳቅ ይሸፍን ነበር። ሳቁ አልበቃ ሲል አፉን የሚሸፍንበትን የጥምጣሙን ጫፍ እስከ ዓይኑ ሥር ከፍ ያደርጋል።

ሁለቱም የተማሩት በአንድ ጊታር ነው፤ ጊታሩም የአጋሊ ነበር። ታዲያ በካይ አንድ ቀን በቦክስ ጊታሩ ቀዳዳ ላይ ፒክአፕ ገጥሞ መጣ፤ የክሩን ድምፅ ለቅሞ በሽቦ ወደ ስፒከር የሚልከውን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በካይ ሲጫወት ከደረቁ ወንዝ ማዶ ይሰማል። የአጋሊን ግን የሴቶቹ ጭብጨባ ይውጠዋል። ሚስቱ ታካማት ከአንድ ሰርግ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች፣ "የበካይ ጊታር እዚህ ደረቴ ውስጥ ነው የሚመታው" አለች። ነገር አስባ አልነበረም። እሱ ግን የያዘውን ሻይ ሳይጨርስ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የታካማት ታናሽ እህት ሚና ልትዳር ሆነ። አጋሊ በአማቶቹ ፊት በካይ ሲጫወት እያጨበጨበ ሊቀመጥ አልፈለገም። እኔ እጫወታለሁ ብሎ በሚስቱ በኩል ላከ። ታካማት መልስ ይዛ መጣች።

"እናቴ በካይም ይጨመር ትላለች።"

"ድምፁ እንዲሰማ ነው?"

"እንዲሰማ ነው።"

"የእኔም ይሰማል" አለ።

የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ ሦስት ዓይነት ፒክአፕ ቤቱ ወስዶ እንዲሞክር ፈቀደለት። አንደኛው የበካይ ዓይነት ማግኔት ነው፤ የብረት ክሩን ብቻ ይሰማል፣ እንጨቱን አያውቀውም። ሁለተኛው ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት ሥር የሚገባ ነው፤ ድምፁ ግን ጥርስ ላይ እንደገባ አሸዋ ይጎረብጣል። ሦስተኛው እንደ ሳንቲም የተጠፈጠፈ፣ ጊታሩ ፊት ላይ የሚለጠፍ ነው። እሱን ሲሞክር እዚያው ነበርኩ። ጥፍሩ ክሩን ሲነካ፣ መዳፉ እንጨቱን ሲመታ፣ ሁሉም ወለል ብሎ ተሰማ። አጋሊ ዓይኑን ጨፈነ። "የበካይ እኮ የስልክ ድምፅ ነው" አለኝ። ሙቀት ስለነበር በካናቴራ ነበር የተቀመጠው። ያን ጊዜ ማናችንም ልብ አላልነውም።

የሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን ባዚን ለብሶ መጣ፤ በሙጫ ደርቆ፣ በዱላ ተቀጥቅጦ የሚያብረቀርቀውን ሰፊ ቀሚስ። ጊታሩን ታቅፎ ገና ክር ሳይነካ ስፒከሩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ተለጣፊው ፒክአፕ እንጨቱን የነካውን ጨርቅ ሁሉ ያሰማ ነበር። እጅጌውን ትከሻው ላይ ቢያጥፈው ደረቱ ላይ ያለው ጨርቅ ቀጠለ። በተነፈሰ ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

በካይ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። "አጋሊ፣ ጊታሩን ትተህ ቀሚስህን ነው እንዴ የምትጫወተው?"

አጋሊ ሳቀ።

"ወይ አውልቀው፣ ወይ ዘፈን ግጠምለት።"

አማት ባለችበት ማውለቅ ቀርቶ አፍን መግለጥም ነውር ነው። አጋሊ ጥምጣሙን ከፍ አደረገ። ያኔ በካይ የራሱን ፒክአፕ ከጊታሩ ነቀለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንካ፣ ግጠመው። ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለሚና ነው" አለው።

አጋሊ የራሱን ነቅሎ የበካይን ገጠመ። ባዚኑ ዝም አለ። ከዚያ የተጫወተውን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሲጫወት አልሰማሁም፤ ሙሽራዋና እናቷ ተጫዋቹን ሳያዩ ከሚያዳምጡበት ድንኳን ውስጥ እልልታው አላቋርጥ አለ። ጨዋታው ጋብ ሲል አንዲት ሴት ከሙሽራዋ እናት መልእክት ይዛ መጣች። "እናታችን በካይን አላህ ይባርከው ብላለች" አለች።

በካይ፣ "እነግረዋለሁ" ብሎ አጋሊን አየው። አጋሊ እንደ ልማዱ ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ተነሥቶ ወደ ድንኳኑ በር ሄደና ታካማትን አስጠራት።

"አንቺም በካይ መስሎሽ ነበር?"

"አይ፣ አንተ መሆንህን አውቄያለሁ።"

"በምን?"

"በካይ እንዲህ አይቸኩልም" አለችና ወደ እህቷ ተመለሰች።

አጋሊ ፒክአፑን ለበካይ መለሰ፣ አመሰገነውም። በማግስቱ ባለሱቁ ዘንድ ሄዶ ከበካይ የሚበልጥ ማግኔት ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ። የለም ሲለው ያንኑ የበካይን ዓይነት ገዛ።