የጠዋቷ አንድ ዋንጫ

ደረቴ መጥበብ የጀመረው ገብስ ውድማ ላይ ነው። ጉና ሥር ባለችው መንደራችን ቄስም ቢሆን ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። በታኅሣሥ በሬዎቹን እየነዳሁ ሳበራይ እብቁ ተነሣና ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። መግባቱንስ እንደ ምንም ይገባል፤ ጭንቁ ማውጣቱ ነው። ከደረቴ ውስጥ ፉጨት ይሰማኝ ጀመር። ሚስቴ እህል ልታነሣ መጥታ፣ “ከማዶ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ያለ መስሎኝ” አለችኝ። እንድስቅ ብላ ነበር፤ አልሳቅሁም።

ከውድማው ዳር ተቀምጬ ያሰብሁት ስለ ራሴ አልነበረም። ባለፈው ሁዳዴ ስለ መለስሁት የንስሐ ልጄ ነበር።

ያ ሰው ከአጥራችን ማዶ የሚያርስ ጎረቤቴ ነበር። ደረቱ ታሞ ከረመ። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት መጥቶ ካቡ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ትከሻውን ሰቅሎ። “አባ፣ ጎሕ ሲቀድ ደረቴ ይዘጋል። ትኩስ ጦስኝ አንድ ዋንጫ ስጠጣ ይለቀኛል። ለጠዋቷ ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም” አለኝ።

“ሁዳዴ ነው ልጄ፤ ቻለው” አልሁት።

ለታመመ ሰው ጾም ማቅለል የነፍስ አባት ሥልጣን መሆኑን አላውቅም አልልም፤ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ለአንዱ ብፈቅድ በማግሥቱ መንደሩ በሙሉ ሲስል የሚውል መሰለኝ። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ ጤነኛ ነበርሁ። ጤነኛ ሰው የሌላው ትንፋሽ አይታየውም። መስቀሌን ተሳልሞ ሄደ። እሺ ያለ ሰው ነበርና ጾሙን እስከ ፋሲካ ጠብቆ ጾመ። ከዚያ በኋላ ግን አልተነሣም፤ በሐምሌ ቀበርነው። ጦስኙ ያድነው ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም ምንም አላለኝም። ሚስቱም አላለችኝም።

የኔው ሲብስ የመንደሩ ሐኪም በዛ። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዱ ምች ነው ይላል። አንድ ቀን እንደ ሬሳ በጋቢ ጠቅልለው አጠኑኝ፤ ምን እንዳጨሱ እነሱ ይወቁ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በጭስ አፍኖ ማከም የኛ አገር ጥበብ ነው። ከጋቢው ውስጥ ስታገል፣ “ቡዳው እየለቀቀው ነው” ይሉ ነበር። የለቀቀኝስ ነፍሴ ነበረች።

በየካቲት በበቅሎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድሁ። ፍል ውሃው ዳር፣ ከእንፋሎቱ አጠገብ ስቀመጥ ደረቴ ላላ አለልኝ። እዚያ ወገባቸውን ሊታጠቡ የመጡ አንዲት አሮጊት አዩኝ። እሳቸውም በዚሁ በሽታ ሃያ ክረምት ያሳለፉ ናቸው። “አባ፣ ተጋድመው አይተኙ፤ ተደግፈው ይተኙ” አሉኝ። “የሚተኙበትን አጎዛ ያውጡት፤ የበጉ ጠጉር ለዚህ በሽታ ጠላት ነው። ከውድማና ከጭስ ይራቁ። ዳገት ሲወጡ ወሬ ይተዉ። ሲነሣብዎ ደግሞ አየር ለመሻማት አይጣደፉ፤ ትኩስ ወጥ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ እፍ እያሉ ያውጡት። ጠዋት ደግሞ ትኩስ ጦስኝ ይጠጡ።”

የመጨረሻይቱን ስሰማ ካቡ ላይ የተቀመጠው ጎረቤቴ ታየኝ።

ሌላውን ሁሉ አደረግሁ። አጎዛው ወጣ፤ ሚስቴ አሮጌ ጨርቅ የሞላችበትን ስልቻ ስታስደግፈኝ፣ “ዙፋን ተሠራልዎ” ትለኛለች። መቼ እንደሚነሣብኝ ዐወቅሁ፤ ጉም ሲወርድ፣ ምድጃው ርጥብ እንጨት ሲያገኝ፣ ስቆጣም። ቁጣ ከእብቅ አይተናነስም። በሽታው አልሄደም፤ እኔና እሱ እንደ ክፉ ጎረቤት ተለማመድን። ጦስኙንም ውሎ አድሮ ጀመርሁት፤ የማልቀድስ ቀን ጠዋት እጠጣለሁ። የምቀድስ ቀን ግን ከመኝታ በኋላ ውሃ እንኳ አይቀመስም፤ ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ እገባለሁ።

እንዲህ ሆነን ሐምሌ መጣ፤ የዚያ ሰው ሙት ዓመት ደረሰ። ባልደረባዬ ቄስ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ዘምቶ ነበርና ዋናው ቀዳሽ እኔ ነበርሁ። ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ ለምነን አመጣን፤ ከሁለት ቄስ በታች አይቀደስም። መበለቲቱ ዓመቱን ሙሉ ከአፏ ቀንሳ ጠላውንም ዳቦውንም አሰናድታለች። ዘመዶቹም ከገሳይ ወጥተው መጥተዋል።

ጎሕ ሲቀድ ደረቴ ተዘጋ። እንደዚያ ቀን ተዘግቶብኝ አያውቅም። እፍ አልሁ፤ እንቢ አለ። ከንፈሬ ሲጠቁር ሚስቴ አየች። ጦስኙን አፍልታ አመጣች፤ አላስገደደችኝም፣ ያዘችልኝ ብቻ። የንስሐ ልጄን “ቻለው” ያልሁት ትዝ አለኝ። እኔ አልቻልሁትም። ዐውቄ ጠጣሁ።

ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ተከፈተ። ደወሉ ይደወል ነበር።

“ታመዋል ብዬ ልላክ?” አለች ሚስቴ። “ውሸትም አይደል።”

ውሸት አልነበረም። ግን መሄድ ነበረብኝ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በትሬን ይዤ፣ ዳገቱን ያለ ወሬ ወጣሁት። መበለቲቱን ከደጀ ሰላሙ ጎን ጠራኋት። የኀዘን ልብሷን ገና አልጣለችም።

“ዛሬ ፍትሐቱን አደርሳለሁ፤ ቅዳሴ ግን አልገባም። ቅዳሴው ለሌላ ቀን ይሁን” አልኋት።

“ታመዋል እንዴ አባ?”

“ጠዋት ታምሜ ነበር። ጦስኝ ጠጣሁ። ቀምሻለሁ።”

 ሰው ሁሉ ወደኛ ያይ ነበር። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

“ደረትዎ ተከፈተልዎ?” አለችኝ።

“ተከፈተልኝ።”

“በአንድ ዋንጫ?”

“በአንድ ዋንጫ።”

እጆቿን አየች። “እኔ እኮ በዚያ ሁዳዴ ጠዋት ጠዋት አፍልቼ ይዤለት እቀመጥ ነበር” አለች። “እስኪቀዘቅዝ ድረስ።”