የፀጉር ያህል ስህተት
የግንበኛው ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል፤ ኪቦርዱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በአርባ ዓመቱ ምህንድስና የጀመረው ይህ ሰው የጻፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ዛሬ ካልሠራለት ኮርሱን ለሁለተኛ ጊዜ መውደቁ ነው። ፕሮግራሙ የእኩልታውን መልስ እየገመተ ይጠጋል፤ ቁጥሮቹ ግን ስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ ይወርዳሉ እንጂ አይቆሙም።

«ጋሼ፣ ወንበሩን ሊያፈርሱት ነው እንዴ?» አለች ወጣቷ አስተማሪ። «‹ስህተቱ ልክ ዜሮ ሲሆን ቁም› ብለው አዘውት እንዴት ይቁም? ግምት እየቀረበ ይሄዳል እንጂ ልክ ዜሮ ላይ አይደርስም።»

«ታዲያ ስህተት ይዤ ልውጣ?»

«ግንብ ሲሠሩ ቱምቢው ትንሽ ዝንፍ ካለ ያፈርሳሉ?»

«የፀጉር ያህል ከሆነማ አልፈዋለሁ። አለዚያማ እስካሁን የመጀመሪያው ቤት ላይ ነበርኩ!»

ይህን እንዳለ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ዜሮውን አጥፍቶ ኢምንት ቁጥር ጻፈ። ጎርፉ ቀጥ አለ።

አስተማሪዋ ሥራው ማለፉን ደብተሩ ላይ ፈረመችለት። እሱም ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የኮሪደሩን ግድግዳ ዝንፈት በሌላው እየለካ ራቀ።