ቲቸር ጣት

እህቴን ተማሪዎቿ «ቲቸር ጣት» ይሏታል። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እታለም» ነው የምላት፤ ስናደድባት ሌላ ሌላም እላታለሁ፣ እሱ ይቅር። የማወራችሁ ስለ እሷ ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ተረጋግቼ አላወራም። ይሄን ነገር ባነሳሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ሰውም «አንቺ ደግሞ አትረሺም እንዴ?» ይለኛል። አልረሳም! ምን አገባችሁ!

የእኔ ሥራ ፎቶ ኮፒ ነው። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው የማይገባባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማሽኑ ሲሞቅ ወረቀት ይበላል፤ ያኔ ጎኑን በጥፊ እለዋለሁ፣ ይተፋል። እታለም ክፍል ከመግባቷ በፊት ትመጣና የምታስነብበውን ጽሑፍ ታባዛለች። ከዚያ መቀስ አንስታ ያንን ንጹሕ ገጽ አንቀጽ በአንቀጽ ትቆራርጠዋለች።

«ኧረ በፈጠረሽ! አሁን እኮ ነው ያወጣሁት» ስላት፣

«አንቺ አባዢ፣ እኔ እበትናለሁ፣ ልጆቹ ይገጥሙታል» ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እታለም የምታስተምረው ንባብ ነው፣ የመልቀቂያ ፈተና የሚወስዱትን ልጆች። መጀመሪያ ስትረከባቸው ልጆቹ ማንበብ አላቃታቸውም፤ እንዲያውም እንደ ዶፍ ያወርዱታል። «እሺ፣ ምን ይላል?» ስትላቸው ግን ጭጭ። አንዱ ደፋር ይነሳና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይደግምላታል። እሷ ቤት መጥታ ራሷን ይዛ ትቀመጣለች። «ቃሉን ሁሉ ያውቁታል እኮ» ትላለች፣ «ጽሑፉ ወዴት እንደሚሄድ ነው የማያውቁት። ዓይኑን ጨፍኖ መኪና ላይ እንደተሳፈረ ሰው ናቸው።»

ጣት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፍ ሁሉ አጥንት አለው አለቻቸው። ተራ በተራ የሚተርክ አለ፤ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «በመጨረሻ» ሲል አውራ ጣታችሁ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ ይንካ። ሁለት ነገር የሚያወዳድር አለ፤ «በአንጻሩ» ሲል ሁለቱ መዳፎቻችሁ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይበሉ። ምክንያትና ውጤት የሚናገር አለ፤ «በዚህ የተነሳ» ሲል ቀኝ ጡጫችሁ ግራ መዳፋችሁን ይግፋ። ችግር አንስቶ መፍትሔ የሚፈልግም አለ፤ ለእሱ ጣቶቻችሁን አቆላልፋችሁ ቀስ ብላችሁ ፍቱ። ልጆቹ የተቆራረጡትን አንቀጾች ጠረጴዛ ላይ በትነው፣ እጃቸው እየተንቀሳቀሰ፣ «ይሄ ይቀድማል»፣ «የለም፣ ምክንያቱን ሳይነግረን ወደ ውጤቱ ይዘላል እንዴ?» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ገበያ ነው የሚመስለው። የክፍሉ መስኮት ወደ መንገዱ ስለሆነ ከሱቄ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ያ ጭጭ ያለ ክፍል «ጸሐፊው ችግሩን አወራ እንጂ መፍትሔውን መቼ ነገረን!» እያለ ከመጽሐፉ ጋር መጣላት ጀመረ። እታለም ያን ሰሞን እየዘፈነች ነበር ቤት የምትገባው፤ ድምጿ ደግሞ ለጠላትም አይመኙት።

እኔም ቤት ውስጥ አላረፍኩም። ስለዚያ የተረገመ ማሽን እያማረርኩ ሳወራ ጣቶቿን አቆላልፋ ታሳየኛለች፣ ሳትፈታቸው። «ምንድነው?» ስላት «አንቺ ችግር ብቻ ነሽ፣ መፍትሔ የለሽም» ትለኛለች። እስቲ አሁን እንዲህ ካለ ሰው ጋር ይኖራል?

አሁን ወደ ቀጮ ልምጣ። ቀጮ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናት። «ቀጮ» ያልናት እኛ ነን፣ ከእታለም ጋር መምህራን ማሠልጠኛ ሲማሩ፣ አንድ ፍራሽ ላይ ሲተኙ፤ ዛሬማ ወንበሩ አይበቃትም። እናታችን በሕይወት እያለች «ሦስተኛዋ ልጄ» ነበር የምትላት። ሲኖረን አብራን በልታለች፣ ሲጠፋ አብራን ጦሟን አድራለች። ዳይሬክተር የሆነች ጊዜ ከእሷ በላይ የተደሰተችው እታለም ናት። እኔ እንኳን ሳልቀር «የእህታችን ትምህርት ቤት እኮ ነው» እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ ስጎርር ነበር። አፌን በቆረጠው!

ቀጮ የእታለምን ክፍል ከኋላ ተቀምጣ አይታዋለች። አንዴም አይደለም። ከልጆቹ ጋር ጡጫዋን እየገፋች፣ ጣቷን እየፈታች ስትስቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። ሴት ልጇም እዚያው ክፍል ነበረች። ከትምህርት በኋላ እኛ ቤት እየመጣች ከእታለም ጋር በጣቷ ስታጠና ነው የከረመችው። «አንቺ ባትኖሪ ይቺን ልጅ ምን ይውጣት ነበር?» ብላ እታለምን እቅፍ አድርጋ ስማታለች፣ እኔ ፊት።

የፈተናው ቀን መጣ። ፈታኝ የሚመጣው ከሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ አስተማሪ የራሱን ልጆች አይፈትንም። ለእነ እታለም ክፍል የደረሰው ፈታኝ ጥንቁቅ፣ ኮቴው የማይሰማ ሰውዬ ነበር። የንባብ ወረቀቱን አደለ። ትንሽ ቆይቶ ቀና ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ክፍሉ በሙሉ እጁን ያንቀሳቅሳል! አንዱ ጣቱን ይነካካል፣ አንዷ መዳፏን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ሁሉም የሚያነበው አንድ ጽሑፍ ስለሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የሚያሳዩት ያው ተመሳሳይ ምልክት ነው። ምን ይበል ሰውዬው? እኔም ብሆን «ጡጫ ማለት ለ ነው፣ መዳፍ ማለት ሐ ነው፤ መልስ እየተቀባበሉ ነው» እል ነበር። በእሱ አልፈርድም። እታለም «እጃችሁ ይንቀሳቀስ» አለች እንጂ «ፈተና ላይ ሰብስቡት» ማለት አልመጣላትም። ለልጆቹማ ማንበብ ማለት እጅ ማንቀሳቀስ ሆኖ ቀርቷል፤ እንዴት ብለው ይተዉት!

ጨርሰው ሲወጡ ወረቀታቸው ለብቻው ታሸገ። የክፍሉ ውጤት በሙሉ ታገደ። ውጤት ከሌለ ደግሞ ቀጣዩ ትምህርት ቤት አይቀበላቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ የለፉበትን ውኃ በላው ማለት ነው። ልጆቹ ሱቄ በር ላይ ተኮልኩለው ሲያለቅሱ እታለም መሐላቸው ቆማ «አይዟችሁ፣ ዳይሬክተሯ ራሷ ታውቃለች፤ ሁለታችን ሆነን እናስረዳለን» ትላቸው ነበር።

ሁለታችን! እኔን አፈር ያስበላኝ!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቀጮ እኛ ቤት መጣች። ሻይ ቀርቦላት አልነካችውም።

«ስሚኝ እህቴ» አለች። «ኮሚቴ ተቋቁሟል። ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። አውቅ ነበር ካልኩ ዳይሬክተሯ ለልጇ ብላ ያቀነባበረችው ነው ይሉና የሁሉንም ውጤት ይሰርዙታል። አንቺ ብቻሽን ያደረግሽው ከሆነ ግን፣ ልጆቹ አስተማሪያቸው ያለቻቸውን ነው የፈጸሙት፣ ምን ጥፋት አለባቸው ተብሎ ይለቀቅላቸዋል። የእኔን ነገር አታንሺ። እኔ ወንበሬ ላይ ካለሁ፣ ይሄ የማስተማሪያ ዘዴ ነው እንጂ ማጭበርበር አይደለም ብዬ የማሳምናቸው እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

እኔ ከጓዳ ዘልዬ ወጣሁ። «ቆይ፣ ቆይ! አላውቅም ካልሽ በኋላ የማታውቂውን ነገር እንዴት አድርገሽ ነው የምታስረጂው?»

«አንቺ ደግሞ ሁሌ ነገር ታካብጃለሽ» አለችኝ። እታለምም በዓይኗ ቆጣ አለችብኝ።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው። የማንንም ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር አይታ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ የምትናገር ሴት፣ የገዛ ጓደኛዋ ንግግር ወዴት እንደሚሄድ አልታያትም። ወይም ታይቷት ማመን አልፈለገችም። «ልጆቹ ይለፉ እንጂ፣ እሺ» አለች።

ኮሚቴው ፊት ቀርባ «እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፣ ማንንም አላማከርኩም» ብላ ቃሏን ሰጠች። ዘዴው ምን እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ምልክት ስለ ምን እንደሆነ እያሳየች አስረዳች። «ይሄን ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ ያየሽ፣ የሚመሰክርልሽ ሰው አለ?» አሏት። ዝም አለች። ቃል ገብታለቻ!

ውሳኔው ሲደርስ ወላጆች አዳራሽ ተጠሩ። እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እታለም የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ተቀምጣ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ልጆቹ አላጠፉም፣ ውጤታቸው ይለቀቃል፤ ጥፋተኛዋ አስተማሪዋ ናት። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እታለም እፎይ ስትል ሰማኋት። ስለ ራሷ የተባለውን የሰማችም አልመሰለኝም።

ከዚያ አንድ አባት ከኋላ ተነሳ። «ዳይሬክተሯስ? ይሄ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ? አያውቁም ነበር ወይ?»

ቀጮ ተነሳች። ቀሚሷን ሳብ ሳብ አደረገች። «አላውቅም ነበር» አለች።

እሺ፣ እዚህ ጋ ብታቆም ምን አለበት፣ የተስማሙት ነው። «ብቻ አስተማሪዋን አውቃታለሁ፣ ሌባ አይደለችም» ብትል ደግሞ ምን ይቀርባት ነበር? እኔ እሱን እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች።

«እኔም እንደናንተው እናት ነኝ። ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። ልጄን አምኜ የሰጠኋት ሰው እንዲህ ያለ ማጭበርበር ታስተምራለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ባውቅ ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የማባርራት። እኔም ተከድቻለሁ።»

ተከድቻለሁ አለች! እሷ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጥሎ ሲያበቃ «ሰው ረገጠኝ» ብሎ የሚያለቅስ ፈረስ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

ሰዉ አጨበጨበላት። አንዳንዱም «አይዞሽ» ይላታል። ልጇ አጠገቧ አንገቷን ደፍታ ጫማዋን ታያለች። እኔ አፌን ከፍቼ ልነሳ ስል እታለም ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ተቀመጪ።»

«ልቀቂኝ! ቤታችን ስትልካት ያስጠናሻትን ልጅ እዚሁ ላስቁማት!»

«እንደሱ ካልሽ ውጤቱን መልሰው ያግዱታል። ተቀመጪ ብዬሻለሁ!»

ተቀመጥኩ። የጥፍሯ ምልክት ክንዴ ላይ ሰነበተ።

ከሥራ የተሰናበተችበትን ወረቀት የፈረመችው ቀጮ ናት። ራሷ እንኳን አላመጣችውም፤ ለጥበቃው ሰጥታ ላከችው። እሱም ሰውየው አፍሮ፣ በሩ ሥር አስቀምጦት ሄደ። እታለም ብትደውል ቀጮ አታነሳም። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ነገሩ ሲበርድ ትመጣለች» ትለኛለች እታለም። በር በተንኳኳ ቁጥር ፀጉሯን አስተካክላ ነበር የምትከፍተው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ቀጮ ሞታለች በይ፣ ተያትና ዕረፊ!» ብዬ ጮኽኩባት። ቀጮም አልመጣችም፤ መንገዱን እንኳን በወዲያኛው ጠርዝ ነው የምትሄደው፣ ሱቄን ላለማየት።

አሁን እታለም ከእኔ ጋር ኮፒ ታደርጋለች። ማሽኑን በጥፊ አትለውም፣ ታባብለዋለች፤ ለእሷ ደግሞ ወረቀት አይበላም። ስንት ዓመት ያስታመምኩት እኔ!

ውጤት የወጣ ሰሞን ሱቋ በወላጅ ተጨናነቀች። ለቀጣዩ ትምህርት ቤት የውጤቱ ቅጂ ያስፈልጋል። አንዲት እናት ፊቷ በደስታ እያበራ ገባችና የልጇን ወረቀት ለእታለም ሰጠቻት። እታለምን ያየቻት አዳራሽ ውስጥ ከጀርባዋ ብቻ ነው፤ አላወቀቻትም። እታለም ወረቀቱን ስታየው እጇ ትንሽ ቆም አለ። ልጁን ታውቀዋለች፤ ዓመቱ ሲጀመር አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንደሚል መናገር አቅቶት ያለቀሰ ልጅ ነው። ንባቡን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አስበልጦ ነበር ያመጣው።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለቻት እታለም።

«ተይኝ እስቲ!» አለች ሴትየዋ። «ከዚያች አጭበርባሪ አስተማሪ እጅ አውጥቶ እዚህ ያደረሰው እግዜር ነው። በራሱ ጭንቅላት ነው ያለፈው! እሷማ ገደል ልትከታቸው ነበር፣ ያችን የመሰለች ደግ ዳይሬክተር ባትኖር።»

እኔ የያዝኩትን ወረቀት ጨመደድኩት። እታለም ግን ቅጂውን አስተካክላ፣ ጠርዙን በመዳፏ ደልድላ ሰጠቻት። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት፣ ሴትየዋም መርቃት ወጣች።

«ለምን አልነገርሻትም?» ብዬ ጮኽኩባት። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ አትያትም? ምላስሽን ማን ቆረጠው?»

«ምን ልበላት?» አለችኝ። «በእኔ ትምህርት ነው ያለፈው ብላት፣ በማጭበርበር ነው ያለፈው ያልኳት ነው የሚመስላት። አሁን በራሱ ጭንቅላት ነው ብላ ታምናለች። እውነቷንም ነው። ልጁን ዕድሜ ልኩን በጥርጣሬ ዓይን እንድታየው ላድርግ?»

እኔ ማሽኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እሷ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ከፈተናው ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ ሳትጥል የቆየች ሴት፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

«ሴትየዋስ አታውቅም፣ ምን ታድርግ» አለችኝ። «ቀጮ ግን ታውቅ ነበር።»