ዳማን ከእጄ ያወጣ ትዕዛዝ

ባለፈው ሳምንት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «ፍርድ እኮ አይደለም፣ ትዕዛዝ ነው። በትዕዛዝ ይግባኝ የለም ሲሉኝ ዝም አልኩ» አለች። ደነገጥኩ። የያዝኩት የድንች ፌስታል ከእጄ አምልጦ ድንቹ በየሰዉ እግር ሥር ተንከባለለ። ልጅቷ ልትለቅምልኝ ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዝኳት።

«ትዕዛዙ ምን ይላል ልጄ?»

«ነገሩ እስኪያልቅ ቤቱን ለባላጋራዬ እንዳስረክብ ነው፣ እማማ።»

«ዛሬውኑ ሕግ አዋቂ ጋ ሂጂ!»

ከየት አወቁት በሚል ዓይን አየችኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት፤ መንገዱ አጭር፣ ነገሩ ረጅም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የተወልን አንዲት በቅሎ ነበረች፤ በቀይ ቡናማ መልኳ ዳማ እላታለሁ። ከጃናሞራ ገብስ ጭኜባት ደባርቅ ገበያ አደርሳለሁ፤ እናቴና እኔ የምንበላው ከጀርባዋ ነው። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን የቱን ረግጣ እንደምታልፍ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። ታዲያ አጎቴ ደሴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ «ወንድሜ ሲሞት በቅሎዋን ለእኔ ተናዞልኛል» ብሎ ከሰሰኝ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው አንዱን ምስክሬን አንሰማም አሉ። እልህ ይዞኝ ጎንደር ድረስ ይግባኝ ልል ሄድኩ። እዚያ ያለው ጸሐፊ ነገሬን ሰምቶ መለሰኝ። «ይሄ በመሀል የተሰጠ ትዕዛዝ ነው። መጨረሻ ላይ ከተፈረደብሽ ያኔ አብረሽ ታነሽዋለሽ» አለኝ። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ተመለስኩ። በትዕዛዝ ይግባኝ የለም ብዬ በልቤ ቋጠርኩ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው፣ «ፍርድ እስኪሰጥ በቅሎይቱ በከሳሹ እጅ ትቆይ» አሉ። ግን ምን ልበል? ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በእኛ አገር ዳኛ ሲናገር እጅ መንሣት ወግ ነው፤ እጅ የነሣ ደግሞ የተባለውን ተቀብሏል ይባላል። አጎቴ ልጓሟን ከእጄ እየወሰደ፣ «እጅ ነሥተሽ ተቀብለሽ የለ! አሁን ምን ያስለቅስሻል?» አለኝ።

ሃያ ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንቁላል ተሸክሜ ዳባት ገበያ ወረድኩ። ማመልከቻ የሚጽፉ፣ ከነበቅሎዬ የሚያውቁኝ አያ ታፈረ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«በቅሎይቱስ? ዛሬ አንቺው ተጫንሽ?» አሉኝ እየሳቁ።

ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ። «እና ይግባኝ አላልሽም?»

«ትዕዛዝ እኮ ነው፣ አያ። ከጎንደር መልሰውኛል።»

«ያ የምስክር ነገር ነዋ! ሰው የሚያሳስር ትዕዛዝ፣ ንብረት ካንዱ እጅ አውጥቶ ለሌላው የሚሰጥ ትዕዛዝ፣ ፍርድ ሳይጠበቅ ይግባኝ ይባልበታል። ምነው ልጄ!»

«እጅ ነሥቻለሁ።»

«ለወንበሩ ነዋ የነሣሽው! ጨዋ መሆን ይግባኝ አያስቀርም። ቀኑ ሳያልፍ ተነሽ!»

የገበያው ጫጫታ፣ የበርበሬው ሽታ፣ ሁሉም ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ያን ሁሉ ቀን በሩ ክፍት ኖሯል፤ እኔ ደጁ ላይ ተቀምጬ ተዘግቷል እላለሁ።

አያ ታፈረ እንቁላሉን በዋጋ ተቀብለው ይግባኙን ጻፉልኝ። ጎንደር አሁን ተቀበሉኝ። ከተመላለስኩ በኋላ ትዕዛዙ ተሻረ፤ በቅሎይቱ ፍርድ እስኪሰጥ ወደ እኔ ትመለስ ተባለ። ወረቀቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አጎቴ ደጅ ደረስኩ። ጋጣው ባዶ ነው። አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ሊማሊሞ ላይ ነው» አለ። «ከዛሪማ ጭኜ ዳገቱን ስወጣ ዝናቡ ያዘን። አዳለጣትና ገደል ገባች።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

ወረቀቱን ሳልፈታው ቤቴ ገባሁ። ዋናው ፍርድ በኋላ ለእኔ ሆነ፤ ዳማ ግን በማንም ፍርድ አትመለስም።

አሁን ሊማሊሞን በመኪና ነው የምንወርደው። ልጆቼ ወደ ዛሪማ ሲወስዱኝ ዓይኔን የምጨፍነው ገደሉን ፈርቼ ይመስላቸዋል። እኔ ቀን ነው የምቆጥረው። ሃያ ቀን ተቀምጫለሁ። ሃያውንም መልሱልኝ አልልም፤ ሦስቱ ይበቁኝ ነበር።